የባንዲራው ልክ

እልፍነሽ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ ስክሪኗን በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች፤ አቧራ ቀለም ያሳስታል ባይ ናት። ቀጥላ መስኮቱን ትከፍታለች፣ የደሴ የክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ከሆነ መልሳ ትዘጋዋለች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጥና የዕለቱን አገር ትጀምራለች። ቢሮው የጋሽ ሰኢድ ነው፤ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሐዘን ፎቶ፣ የመጣውን ሁሉ ያትማል። በዚህ ክረምት ግን ለተማሪዎች ለሚዘጋጅ የካርታ መጽሐፍ የየአገሩን ባንዲራ በኮምፒውተር እንዲሠሩ ታዘው ነበር፣ ሥራውም እልፍነሽ ላይ ወደቀ።

ሰው ባንዲራ መሥራት ቀላል ይመስለዋል። የአንዱ ድረ ገጽ ቀይ ከሌላው ቀይ አይገጥምም፤ የስዊዘርላንዱ አራቱም ጎኑ እኩል ነው፣ የኳታሩ እንደ መቀነት ይረዝማል፣ አራት ማዕዘን እንኳ ያልሆነው የኔፓሉማ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ነው። እልፍነሽ ደግሞ በዚህ ነገር ግትር ናት፤ የአገሩን ሕግ ፈልጋ ሳታነብ አንድ ቀለም አትነካም፣ ከሠራችም በኋላ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ትለካለች። የራሷን አገር ባንዲራ ለመጨረሻ ያቆየችው ታናሽ ወንድሟ ቃለአብ ለእንቁጣጣሽ ፈቃድ ሲመጣ አጠገቧ ተቀምጦ «ይሄ አረንጓዴ ሳይሆን ጎመን ነው» እያለ እንዲያበሽቃት ፈልጋ ነበር።

ቃለአብ ጠረፍ ላይ ያለ ወታደር ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርሱ እየተነቃነቀ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። አንድ አልጋና አንድ ብርድ ልብስ ነበራቸው፤ እሱ በግድግዳው በኩል፣ እሷ በዳር ይተኙ ነበር። ልጁ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘና ብርድ ልብሱ አጠረው፤ «እታለም፣ እግሬን በረደኝ» ባለ ቁጥር ተነሥታ ወደ እግሩ ስትስብለት የእሷ ትከሻ ይራቆት ነበር። አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ፎቶ የደንብ ልብሱን ለብሶ መሃል ለመሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቁመቱ ከፍሬሙ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ከደወለ ግን ሰንብቷል።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ሰኢድ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። «ዛሬም አላለቀም?» ሊሏት ነው ብላ መልሷን አዘጋጅታ ነበር።

«ቀስ ብለሽ ሥሪ፣ ልጄ» አሏት። «ማን አጣደፈሽ?»

ዞር ስትል ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተከሉ። አጠገቧ የምትሠራው ከድጃ ካርድ አልቆብኛል ብላ ስልኳን ተዋሰቻትና ኮሪደር ወጥታ ብዙ ቆየች፤ ስትመልስላት እጇ በላብ ርሶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሳህኗን ወደ እልፍነሽ ገፋችላት።

«በሞቴ ብይ» አለችና ወዲያው አፏን በሻርፗ ያዘች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ኔትወርክ አልነበረውም፤ እልፍነሽ ዝናቡን ረገመች። ሌሎቹ አገሮች ስላለቁ፣ የቃለአብም ዜና ስለጠፋ፣ እጇን አጣጥፋ መቀመጡን ፈርታ የኢትዮጵያን ባንዲራ ጀመረችው። የቢሮውን የጨርቅ ባንዲራ መስኮቱ ዘንድ ሰቅላ ፎቶ አነሣችው፤ ከጨርቁ የረጠበና አዲስ የተቆፈረ አፈር ሽታ ይወጣ ነበር፣ ክረምት ሻጋታ አያጣም ብላ አለፈችው። አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ቀዩን፣ መሃል ያለውን ሰማያዊ ክብና ኮከቡን በየቦታቸው አኖረች። ቁመቱን ሕጉ እንደሚለው የወርዱ እጥፍ አድርጋ ፋይሉን ዘጋችው።

በማግስቱ ስትከፍተው ቀዩ ጠቁሮ ባንዲራው ረዝሞ ጠበቃት። የረዘመው ጣት ያህል ቢሆን ነው፣ ሌላ ሰው ላያየው ይችላል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ አስተካከለችው። ከምሳ ስትመለስ ደግሞ ከበፊቱም በልጦ ረዝሟል፤ ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ ይዛ ስትለካ ከጀርባዋ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ፣ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። መልሳ አሳጠረችው። የቃለአብን ፎቶ ልታይ ቀና ስትል ጠረጴዛዋ ላይ የለም፤ ፈልጋ ያገኘችው ስካነሩ ላይ ነው፣ የስካነሩ መክደኛ ገና አልበረደም።

«አቧራውን ልጥረግልሽ ብዬ ነው» አለች ከድጃ፣ ቀና ሳትል።

ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ እልፍነሽ ቢሮው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ባንዲራው እንደ ልማዱ ረዝሞ አግኝታው ልትመልሰው እጇን ስትሰድ ስልኩ ጠራ። ቁጥር አይታይበትም።

«እታለም።»

«ቃልዬ! የት ጠፍተህ ነው አንተ? ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ድምፁ በወፍራም ጨርቅ የታፈነ ይመስላል፤ ከድምፁ ጀርባ ነፋስ የለ፣ ሰው የለ፣ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የኛን ባንዲራ። መጥተህ ታበሽቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ጠፋህብኝ።»

«እኔም እያየሁት ነው» አላት። «በላዬ ነው። ክቡ ደረቴ ላይ ነው። አረንጓዴው በቀኜ፣ ቀዩ በግራዬ።»

«ድንኳኑ ጣራ ላይ ሰቅላችሁት ነው?»

በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር፣ እንደ ደረቅ አፈር፣ ሸርተት ሲል ሰማች።

«አጭር ነው፣ እታለም። እግሬን በረደኝ።»

መሳቅ ጀምራ ነበር፣ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። «ሕጉ ነው፣ ቃልዬ። ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ነው፤ ምን ላድርግህ?»

«እኔ ሳስረዝመው አንቺ ትመልሺዋለሽ።»

ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር። የት ነህ ብላ ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው፤ ካልጠየቀች አይነግራትም፣ ካልነገራት ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ይመጣል። መስመሩ ተዘጋ። እልፍነሽ ስክሪኑ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ ልቧ ያውቅ ነበር፣ እሷ ግን ልታውቀው አልፈለገችም። በመጨረሻ የባንዲራውን ጫፍ ያዘችና ጎተተች። የተማረችውን ሁሉ ትታ፣ ሕጉን ትታ፣ ቁመቱ የዚያን ረጅም ልጅ እግር እስኪያለብስ ድረስ ጎትታ ፋይሉን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጋሽ ሰኢድ ፊት ቆመዋል፣ አጠገባቸው የቃለአብን ሻንጣ የያዘ ወታደር አለ። ማንም ገና ምንም ሳይናገር እልፍነሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አላህ የሰጠውን ወሰደ» አሉ ጋሽ ሰኢድ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ቃለአብ ካረፈ ሁለት ሳምንት አለፈው። ሰብሰብ ብለን እስክንነግርሽ ነው የደበቅንሽ፣ ይቅር በይን።»

ጮኸች። ደረቷን መታች። ቃልዬ፣ ልጄ፣ አንድዬ እያለች መሬት ላይ ስትንከባለል ሴቶቹ ያዟት። ወታደሩ አጠገቧ ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። «ሳጥን አልነበረንም። በባንዲራ ሸፍነን ነው የቀበርነው፣ እታለም፤ እሱ እንዲያ ነበር የሚልሽ። እግሩ ብቻ...» ሲል አንዱ ሽማግሌ ትከሻውን ጫን አድርገው አስቆሙት።

እልፍነሽ ቀና አለች። «ትናንት ደውሎልኛል» አለች።

ሴቶቹ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ለቅሶውን አቀለጡት። ከድጃ ግን አላለቀሰችም፤ ፊቷ አመድ መሰለ። የሻርፗን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ውስጡ ሲም ካርድ ነበር።

«እልፌ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ሰው ደውሎ እንዳያረዳሽ ብዬ ሰኞ ስልክሽን የተዋስኩ ጊዜ አውጥቼው ነው።»

ረፋዱ ላይ ድንኳን ተተከለ። ከድጃ በትልቁ ያተመችውን የቃለአብን ፎቶ አምጥታ ከፊት አቆመችው። «ያንቺን ባንዲራ ነው ከኋላው ያደረግሁት፣ ፋይሉን ኮምፒውተርሽ ላይ አግኝቼው» አለቻት በሹክሹክታ። እልፍነሽ ከዕንባዋ በስተጀርባ አየችው፤ ዓይኗ ልክ መለካት የለመደ ነውና ማስመሪያ አላስፈለገውም። እሷ ያስረዘመችው ቁመቱን ብቻ ነበር፤ አሁን ወርዱም ሰፍቷል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያለብስ እንደነበረው እንደ ድሮው ብርድ ልብስ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች «እንዴት አምሮበታል» እያሉ ያለቅሱለታል፣ ፎቶውን ከዚህ ቀደም አይተውት አያውቁም። ሁልጊዜ መሃል ለመሃል ይቆም የነበረው ወንድሟ ግን ወደ አንድ ዳር፣ በልጅነቱ ይተኛበት ወደነበረው የግድግዳ በኩል ጥግት ብሎ፣ ልክ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ለቆላት ነበር።