ከጠበሉ በታች ያለው ቁልቁለት

ስጦታው ከገደሉ ሥር ሲነሣ ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። አንገቱ ግን ተሰብሯል። ብስክሌቱ ከእሱ ከፍ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ሬሳው ወደ ቤተሰቡ ከተወሰደ በኋላ ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ብስክሌቱ ዘንድ ቀረች። ከቢቸና ሞጣ ያለውን መንገድ ስትመላለስበት ኖራለች፤ በመኪና እንኳ ይህን ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለት ሳታማትብ ወርዳው አታውቅም። ስጦታውና አብሮ አደጉ ሰማው ግን በብስክሌት እየተፈተኑበት ነበር። ቀድሞ ሞጣ የገባው አዲስ አበባ ላለ ክለብ ይመረጣል፤ ሌላው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል።

የፍሬኑ ሽቦ አልተቆረጠም። የፍሬኑ ላስቲክ የሚይዘውን ቸርኬ ስትዳስሰው ግን አቧራው እንደ ሊጥ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። አሸተተችው። የካቴና፣ የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ነው፤ የፊቱም የኋላውም ተቀብቷል።

ዘይት ሲባል አገሩ ሁሉ የጠቆመው ብስክሌት ጠጋኙን አስናቀውን ነው። ወሬው የሟች ወንድሞች ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ሣልስቱ እስኪወጣ ብቻ ነው የታገሡት፤ ከዚያ ደም ይመልሳሉ። ባንቺዓለም ይህን ልማድ ያወቀችው ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ነው። እውነተኛው ሰው ካልተገኘ አንድ ንጹሕ ሰው ነገ ይገደላል።

አስናቀውን ጣቢያ አስጠልላ ጠየቀችው።

«ዘይቱ የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው፤ ምን እክዳለሁ! ካቴናቸውን እንዲያጠጡበት ለሁለቱም በየጠርሙሱ ሰጥቻቸዋለሁ። እኔና አሰልጣኙ ግን እነሱን የምንከተልባት ፒካፕ ጎማዋ ተንፍሶ ደብረ ወርቅ ቀርተን ነበር። ስንደርስ ሰማው መንገዱ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል።»

አሰልጣኝ አካለ ወልድም ይህንኑ አረጋገጠ። እሱን የሚቆጨው ሌላ ነገር ነው።

«ሁዳዴም ቢሆን ይህ መንገድ በባዶ ሆድ አይገፋም ብዬ ለመንኳቸው። ሰማው እሺ ብሎ ዳቦ በሻይ በላ። ስጦታው ግን ‹ጾሜን አልገድፍም፣ ጋሼ› አለኝ። ደክሞት ይሆናል የወደቀ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ሰማውን ያገኘችው ከለቅሶው ድንኳን ጥግ፣ ዐይኑ አብጦ ነው።

«ከቁልቁለቱ አናት፣ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ወርደን ተሳለምን። ብስክሌቶቹን ከቅጥሩ ውጭ አስደግፈን ጠበሉ ዘንድ ገባን። አብረን ጠጣን፤ አብረን ወጣን። ውጭ ማን ምን እንዳደረገ በምን ዐውቃለሁ?»

«ሌላ ጠበልተኛ አልነበረም?»

«ማንም።»

«አንተም ጠጣህ?»

«ጠጣሁ እንጂ! ከጎኑ ቆሜ።»

ስትወጣ የሰማውን ብስክሌት አየችው፤ የታሰረበት የዘይት ጠርሙስ ባዶ ነው። ፔዳሉን በእጇ ስታዞረው ካቴናው ሲጢጥ አለ።

በማግስቱ ረፋድ ሦስቱንም ከስጦታው አባት ከአቶ ጓዴ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን አብሯት ለመጣው ፖሊስ አስረክበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስጦታው እዚህ ሲደርስ ፍሬኑ ይይዝ ነበር፤» አለች ባንቺዓለም። «ቆሞ፣ ወርዶ ተሳልሟል። ዘይቱ የተቀባው እሱ ጠበሉ ዘንድ ሳለ ነው። ያኔ አስናቀውና አሰልጣኙ ደብረ ወርቅ ጎማ ይቀይራሉ።»

«መንገደኛ ቢሆንስ?» አለ ሰማው።

«መንገደኛ የካቴና ዘይት ከየት ያመጣል? የስጦታው ጠርሙስ ሳይከፈት ከኪሱ ተገኝቷል። ያንተ ግን ባዶ ነው።»

«ካቴናዬን አጠጥቼበት ነዋ!»

«ካቴናህን አይቼዋለሁ። ጠብ አላለበትም።»

«እኔ እኮ ውስጥ ነበርኩ! አብሬው ጠበል ስጠጣ...»

«የበላ ሰው ጠበል ይጠጣል?»

እዚያ የነበሩት ሁሉ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ነገር ነው፤ እህል የቀመሰ ሰው ጠበል አይጠጣም። አካለ ወልድ ቀስ ብሎ ወደ ሰማው ዞረ።

«ሁልጊዜ በዚህ ስታልፉ በጾም አፋችሁ አብራችሁ ትጠጣላችሁ፤» አለች። «ስትዋሽ የሁልጊዜውን ተናገርህ። የዚያን ቀን ግን ዳቦ በልተህ ነበር። እሱ ሲገባ አንተ ከብስክሌቱ ጋር ውጭ ቀረህ።»

ሰማው ተንበረከከ።

«ፍሬኑ አልይዝ ሲለው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል ብዬ ነው! ሞጣ ቀድሜው እንድገባ ብቻ... እንዲሞት አይደለም! በእመቤቴ፣ እንዲሞት አይደለም!»

አስናቀው በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ባንቺዓለም ግን ዐይኗን ከሽማግሌው አላነሣችም። ፖሊሱም ጠመንጃውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ከጠበሉ ሲወጣ ምን አለህ?» ብለው ጠየቁ አቶ ጓዴ።

ሰማው ቀና ማለት አቃተው።

«‹ቁልቁለቱ ጠጠር በዝቶበታል፤ እኔ ልቅደምልህ› አለኝ።»

የሽማግሌው እንባ በሸበተ ጢማቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ ባንቺዓለም ዞሩ።

«ልጄ፣ የስጦታው ወንድሞች ሳይሰሙ ሰማውን ይዘሽልኝ ሂጂ። አሁኑኑ። እኔን አንድ ቀብር ይበቃኛል።»