ለአራስ ልጅ የተሰጠ ቅቤ

ማመን የማይፈልግ ይተወው... ወላሂ ግን በእኔ በረዲ ላይ የደረሰ ነው። እስከ ዛሬ ቅቤ የገባበት ወጥ አልቀምስም።

1994 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ከመርካቶ ሸማ ተራ ነጠላ ጭነን ወደ ደሴ እየሄድን ነበር። የጣርማ በርን ጉም አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ጃኬቴን አወለቅኩ።

ሹፌሩ ቦጋለ አስፋልት ዳር ካሉ ጥቂት ጎጆዎች አጠገብ አቆመ። ሴቶች ቅቤ በቅል ይዘው ተደርድረዋል።

ባለቤቴ ሀፍሷ ገና መውለዷ ነው። አማቴ "ለልጁ አናት ለጋ ቅቤ ሳትይዝ እንዳትመጣ" ብለውኛል።

"ለማን ነው?" አለችኝ አንዷ።

"ለአራስ ልጅ።"

ሴቶቹ ተያዩ።

"ለሕፃን አንሸጥም... እንዲሁ ውሰደው" አለችና ያችው ሴት ቅሏን ሰጠችኝ።

የመርካቶ ልጅ ነፃ ነገር ሲያገኝ ምን ብሎ ይጠይቃል? ተቀበልኩ። ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሹፌር፣ ለቦጋለ ጓደኛ ሰጠሁትና ቤት አደረሰልኝ።

በማግስቱ ስንመለስ ላመሰግናት ወረድኩ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት... በሰፈሩ አንዲት ላም የለችም። እበት እንኳ የለም።

ሴትዮዋን ፍለጋ ወደ ጎጆዋ ጎራ አልኩ። ሽታው አፈነኝ... የሻገተ ቅቤና የሰው ብብት።

አልጋው ላይ አንድ ሽማግሌ ራቁታቸውን ተጋድመዋል። አጥንትና ቆዳ ብቻ ናቸው። ከአናታቸው ነጭ፣ ወፍራም ነገር ይወዛል።

ሴትዮዋ በጣቷ እየጠረገች ቅሉ ውስጥ ትጨምራለች። የተረፈውን ላሰችው።

ቱ!

"አለቀብኝ እኮ ልጄ... ልረፍ" አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

"አይዞዎት አባባ፣ የሚተካዎት ተገኝቷል።"

ወጥቼ አስመለስኩ።

"ቦጋለ... ንዳ። አትጠይቀኝ፣ ብቻ ንዳ።"

ያኔ ሞባይል የለን፣ ምን የለን። መንገዱን ሁሉ "ያ አላህ፣ አይቀቡት" እያልኩ ነው የመጣሁት።

አማኑኤል ሰፈር ቤታችን ስደርስ አማቴ ልጁን ታቅፈው በር ላይ ናቸው።

"ቀባሁት እኮ... እንዴት ደስ እንዳለው!"

ነጠቅኳቸው። አናቱን በፎጣ ጠረግኩት። ተመልሶ ወዛ። በሳሙና አጠብኩት። ተመልሶ ወዛ... ከውስጥ ነው የሚመጣው።

"ረዲ... ምንድን ነው?" አለች ሀፍሷ።

ልጄ አያለቅስም። ገና አንገቱ ያልጸና ሕፃን፣ ቀስ ብሎ እጁን ወደ አናቱ አነሳ።

ጠረገ... ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ።