ከኡካ በላይ ያለው ኮረብታ

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ ዲበኩሉ፣ መቱ ዳር ባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሲሚንቶ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የግንቦት ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ ስላደረ መሬቱ ላይ ደም አልነበረም። ያገኘው የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ አራርሳ ሬሳውን ወደ በረንዳው አስጠግቶ ጋቢውን አለበሰው። ፖሊስ ደግሞ እሱኑ ያዘው።

ኢንስፔክተር ዬሮሳን ከጣቢያ ስትወጣ የጋሽ አራርሳ ባለቤት እትዬ ገለኔ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ከሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርቡታል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«ሬሳ ስለሸፈነ?»

«ሬሳውን ስላንቀሳቀሱ። የክፍሎቹም ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው። ከመምህሩ ጋርም ይጨቃጨቁ ነበር ይባላል።»

«ያ መምህር እያመሸ በር አላዘጋ አለኝ ብሎ ነው። እሱ ከማን ጋር አይጨቃጨቅም? ከእኔ ጋርስ ስንት ዘመኑ ነው።»

ዬሮሳን አልሳቀችም። ከሰዓት በፊት እንደምትመለስ ነግራቸው ሄደች።

በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ሬሳውን መረመረች። የማጅራቱ ቁስል በቢላ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። የደረጃው ጠርዝ ግን በተማሪዎች እግር ተበልቶ ክብ ሆኗል። ሹራቡን ከጀርባው ስትነካ አረንጓዴ ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አጠገቧ የቆሙትን ርዕሰ መምህሩን አቶ ሰይፈ ሚካኤልን።

«ሰጋቱራ ነው። ቀለም ነክረውት። የያዮ ጫካ መሆኑ ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

የማስተማሪያ መርጃ ክፍሉን ከፈቱላት። ጠርዙ በብረት በተለበጠ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ኢሉባቦር ተዘርግታለች። ተራራው ሁሉ የተሠራው በተደራረበ ካርቶን ነው። ተማሪዎቹ የየቦታውን ከፍታ በኅብረተሰብ ክፍለ ጊዜ ፈልገው አመጡ፤ ስንት ንብርብር እንደሚሆን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሰሉ፤ ከዚያ ቆርጠው በዱቄት ሙጫ አጣበቁ። በዚያው ቀን ከሰዓት ከዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተው ሊያዩት ነበር።

«እርስዎ ወደውት ነበር?»

«ካርቶን መቁረጥ ትምህርት ነው ብዬ አላምንም። ፈተና ሲደርስ እንተያያለን እለው ነበር።»

«እሱስ?»

«ፈተናው ላይ ኮረብታ የለም፣ ከፈተናው በኋላ ግን አለ ይለኛል።» አቶ ሰይፈ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትናንት ማታ የት ነበሩ ካሉኝ ቤቴ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ፊት እንቅልፍ ወስዶኝ ባለቤቴ ናት የቀሰቀሰችኝ።»

ዬሮሳን ጠረጴዛውን ዞረች። በያዮ በኩል ጫካው ተፍቆ ካርቶኑ ሰምጧል። እዚያው ጋ የብረቱ ጠርዝ በጨርቅ ተወልውሏል፤ መጋጠሚያው ውስጥ ግን እንደ ደረቀ ደም ያለ ጥቁር ነገር ቀርቷል። ከዚያ ኮረብታዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተጫነች። ሁሉም ደርቀው ጠጥረዋል። ከኡካ ከተማ በላይ ያለው ብቻ ከጣቷ ሥር ሰርጎድ አለ። ሙጫው እርጥብ ነው።

የተሰበረው ጫካ እንደተሰበረ ቀርቷል። ያልተሰበረው ኮረብታ ደግሞ ተነክቷል።

የሒሳብ መምህሩ ጌድዮን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«ከመምህር ዲበኩሉ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አብረን ነው የሠራነው። ልኬቱ የእኔ ክፍል ነው፣ ሌላው የእሱ።»

«ካርታውን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት፣ ከተማሪዎቹ ጋር።»

«ማታስ ክፍሉ ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም።»

«ትናንት ሲያዩት ስህተት ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

«ኮረብታዎቹን ሁሉ አዩ?»

«አንድ በአንድ።»

የማስተማሪያ መርጃ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ የምስራች ወደ ጠረጴዛው ተጠርታ መጣች። ዬሮሳን ምንም ሳትላት ዓይኗ ከኡካ በላይ ሄዶ ቆመ።

«አጥሯል» አለች። «ሁለት ንብርብር ተነሥቶ ጫፉ መልሶ ተለጥፏል።»

«ትርፍ ነበሩ?»

«ትርፍ ናቸው። ባለፈው ሳምንት እኔና ዲበኩሉ ነን የጨመርናቸው። ልጆቹ ራሳቸው ለክተው ያግኙት፣ ያገኘው ለእንግዶቹ ያስረዳል ብሎ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ ብቻ። አንድ ስህተት እንዳለ ለልጆቹ ዛሬ ጠዋት ነበር ሊነግራቸው።»

«ትናንት ሲወጡ ንብርብሮቹ ነበሩ?»

«ነበሩ። አቧራውን ጠርጌ ነው የወጣሁት። እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ማን የትኛውን እንደሚለካ ተማሪዎቹን በስም ይመድብ ነበር።»

ዬሮሳን ጣቢያ ደውላ ጋሽ አራርሳን አስመጣች። ካቴና እንደታሰረ፣ ፖሊስ ከኋላው ቆሞ፣ ከሌሎቹ ጋር በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመ።

«ሰውየው የሞተው ደረጃው ላይ አይደለም፤ እዚህ ነው» አለች ዬሮሳን። «ቁስሉ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደዚህ ብረት። የያዮ ጫካም ሹራቡ ላይ አለ። በኋላ ተጎትቶ ደረጃው ሥር ተጣለ።»

«ታዲያ ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ አይደል?» አሉ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ወደ ጋሽ አራርሳ እያመለከቱ።

«መምህሩ ውስጥ ስለነበር በሩ ክፍት ነው። ሲወጡ ለመቆለፍ ደግሞ ጓጉንቸሩን መጫን ይበቃል። ቁልፍ ማንንም አያስወነጅልም።»

ጋሽ አራርሳ ቀና አለ።

«ገዳዩ ጫካውን እንደተፈቀፈቀ ትቶ ከኮረብታው ላይ ሁለት ንብርብር አነሣ። ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው? ጋሽ አራርሳ ኮረብታው ስንት መሆን እንዳለበት የሚያውቁበት መንገድ የለም። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ካርታውን አይወዱትም፤ የማይወዱትን ቁጭ ብለው አያርሙም። ወይዘሮ የምስራች ንብርብሮቹ ለምን እንደተጨመሩ ያውቃሉ፤ ሊያነሷቸው ምክንያት የላቸውም።» ወደ ጌድዮን ዞረች። «ልኬቱን የሚያውቅ፣ ምክንያቱን ግን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ትናንት አንድ በአንድ አየሁ፣ ስህተት የለም አሉኝ። ትናንት ግን ነበረ። የሌለው ዛሬ ነው።»

ጌድዮን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ስህተቱን አይቼ ተማሪዎቹ ፊት ዝም አልኩ» አለ። «ማታ ላስተካክለው መጣሁ። እጄን ያዘኝ። ልኬቱ የእኔ ነው፣ እንግዶቹ መሳቂያ ያደርጉኛል አልኩት። ተወው ብሎ ሳቀ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«አልተነሣም።»

«ኮረብታውን መቼ ነው ያስተካከሉት?»

«ከዚያ በኋላ።»

«እሱ እዚህ ወድቆ እያለ?»

«አንዱን አንሥቼ ነበር። አንዱ ቀርቶ ነበር።»

ፖሊሱ የጋሽ አራርሳን ካቴና ፈትቶ ወደ ጌድዮን ሄደ።

«ልሂድ?» አለ ጋሽ አራርሳ።

«ይሂዱ። እትዬ ገለኔ ይጠብቁዎታል።»

«ገለቶማ» ብሎ አመሰገናትና የእጁን አንጓ እያሻሸ ወጣ።

ጌድዮን ኮረብታውን እያየ ወደ የምስራች ዞረ።

«ለምን ነበር የጨመራችሁት?»

«ልጆቹ እንዲያገኙት።»

እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ። «ለምን አልነገረኝም?»

«ለልጆቹ ትነግራቸዋለህ ብሎ።»

ጌድዮን ትንሽ አሰበ።

«እነግራቸው ነበር» አለ።