ሽማግሌ በስልክ

የሺአረግ ባሕር ዳር ቴሌ ስልክ አገናኝ ነበረች። «ጎንደር! ቁጥር ሁለት ይግቡ!» ብላ ደዋዩን ወደ ስልኩ ክፍል ስትጠራ አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ይላል። አምሐ የሚባለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ግን ቁጥር ሁለት ግባ እየተባለ እሷኑ እያየ ቆሞ ይቀራል። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

«ቴሌ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«ስልክ ነዋ!»

«አይደለም። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሩቅ ማለት ነው። እንግሊዞች ከሌላ ቃል ፊት ያስቀድሙታል። ፎን ድምፅ ነው፤ ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ። ቴሌግራም የሩቅ ጽሑፍ፣ ቴሌቪዥንም ከሩቅ ማየት።»

«ቀኑን ሙሉ ሩቅ ሩቅ ስል ነዋ የምውለው!» ብላ ሳቀች።

ሳቁ ፍቅር ሆነ፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ደርግ አስተማሪዎችን ሲያዘዋውር አምሐ ለሐረርጌ ተመደበ፤ በሳምንቱ ይሄዳል። አባቷ አቶ አስማማው ደግሞ ጎርጎራ ወደብ የሚሠሩ፣ ያለ እሷ ልጅ የሌላቸው ሰው ናቸው። «ልጄን ለሩቅ ሰው አልሰጥም» ማለታቸውን ያልሰማ የለም። የሺአረግም ያለ እሳቸው ምርቃት እንደማትሄድ ለአምሐ ቁርጡን ነግራዋለች።

የአምሐ አጎት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከዘጌ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ወደ ጎርጎራ ሊሻገሩ ቢሉ ጣና ተናውጦ ጀልባ አይወጣም ተባሉ። ምን ይደረግ? ቴሌ ገቡ።

ሰው ወንበር ቢለቅላቸው «የለም፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ወግ ነው። መሪጌታ አቶ አስማማው የሚያዩዋቸው ይመስል ስልኩን ይዘው ጎንበስ አሉ።

የሺአረግ የጎርጎራን መስመር አገናኘች።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን...» ሲሉ መሪጌታ ጀመሩ።

«አይሰማም! አገናኟ፣ ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ አባቷ።

መስመር ሲበላሽ ቃል ማቀበል የአገናኝ ሥራ ነው፤ የራስን ቃል መጨመር ግን ክልክል ነው። ወይ ጉድ! የራሷን ነገር ራሷ ልታቀብል ሆነ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ነው የሚሉት።»

«የሺ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አቤት፣ አባባ።»

«ሐረርጌ ሩቅ ነው በያቸው።»

«ሐረርጌ ሩቅ ነው ይላሉ» ብላ አቀበለች። መሪጌታ ወደ አምሐ ዞሩ። አምሐ ከግድግዳው ተጠግቶ አያት። ከዚህ በላይ የሰው ቃል ብቻ ማቀበል አልቻለችም።

«አባባ፣ ይኸ የራሴ ቃል ነው። እወደዋለሁ። እርስዎ ካልፈቀዱ እቀራለሁ፤ ልቤ ግን አይቀርም። ከፈቀዱልኝ እሑድ እሑድ እየደወልሁ ድምፅዎን እሰማለሁ።»

መስመሩ ብቻውን ተንሿሿ።

«እውን እሑድ እሑድ ትደውያለሽ?»

«እርስዎ ይሙቱ!»

አቶ አስማማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው?»

«እንደ ቆሙ ናቸው።»

«እንግዲያ ተቀመጡ በያቸው።»

የሺአረግ ከወንበሯ ብድግ አለች። እንባዋ እየወረደ፣ አዳራሹ በሚያውቀው በዚያ ድምፅዋ ተጣራች።

«ዘጌዎች! ይቀመጡ!»