ሌላው የማይሰማው ፉጨት

የአእምሮ ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ብረት እንደነካ ቀርቷል። ሲሞት አብራው የነበረችው ታካሚዋ ወጣት ብቻ ናት። ታዲያ ጣት ወደ ማን ይቀሰር? ምስኪን! ኮሪደሩ ላይ እናቷ ጉያ ውስጥ ተሸጉጣለች።

«ባለፈው ሳምንት ለምርመራ መጥታ፣ "ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?" ስንላት "አዎ" ብላለች» አለ ምክትል ሐኪሙ። «የአእምሮ ሕመም እየጀመራት ነው። ምን እንዳደረገች ራሷም አታውቅም።»

ወጣቷ ሰማችው። እውነት ይሆን እንዴ? እብድም፣ ገዳይም?

ፀጉሯ የሸበተው የፖሊስ መርማሪ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«"አንቺ ደህና ነሽ፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ደርሼበታለሁ፣ ነይ ላሳይሽ" አሉኝና ወደ ግድግዳው አጎነበሱ። ማሞቂያውን ገፋ ሲያደርጉ ጮኹ!»

«ድምፁስ ያኔ ይሰማሽ ነበር?»

እናቷ ቆነጠጠቻት። «ዝም በይ! በጉድሽ ላይ ጉድ አትጨምሪ!»

ወጣቷ እናቷንና መርማሪዋን አየች። ብትናገር እብደቷን በአፏ መሰከረች፤ ዝም ብትል ነፍሰ ገዳይ ናት። «አይ፣ እትዬ... እኛ በሩ ላይ ስንጠብቅ፣ እሳቸው ሳይመጡ ከክፍላቸው ጠፋና እዚያ ጀመረ። እናቴ ትሙት፣ አሁንም ይጮኻል!» የጠቆመችው የምክትሉን ክፍል ነበር።

መርማሪዋ ጆሮዋን ጣለች። ምንም የለም። ግን አልሳቀችም፤ የክሊኒኩን ነርስ ጠራች።

«የሐኪሙ ሶኬት ላይ ምን ይሰካ ነበር?»

«ያለችው አንድ ሶኬት ናት፤ የአይጥ ማባረሪያ መሣሪያዋ ናት የምትሰካባት። ማሞቂያ ትናንት አልነበረም።»

«ሐኪሙ ከምክትሉ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

ነርሷ ድምጿን ቀነሰች። «ትናንት ተጣልተዋል። "ጤነኛ ልጆችን በሽተኛ ስታደርግ ዝም አልልህም፤ ነገ ለበላይ አሳውቃለሁ" ሲሉት ሰምቻለሁ።»

መርማሪዋ ሁሉንም በምክትሉ ክፍል ሰበሰበች። ወጣቷ ገና ስትገባ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ተሰክታለች።

«ይቺ አይጥ የምታባርረው በቀጭን ፉጨት ነው» አለች መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞራ። «በእኔና በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው አይሰማትም፤ የልጅ ጆሮ ይሰማታል። ሟቹ ይህን ደርሶበት ሊያሳያት አጎነበሰ። በቦታዋ ያገኘው ግን ሽቦው ተልጦ ከብረቱ የተያያዘ ማሞቂያ ነው። ፉጨቱ ቦታ ሲቀይር እናትና ልጅ ከበሩ አልተነሱም፤ በኮሪደሩ የገባ የለም። የቀረው ክፍሎቻችሁን የሚያገናኘው የውስጥ በር ነው። ሶኬቱን ለማስለቀቅ ነቀልካት፤ እዚህ ብሰካት ማን ያስተውላታል አልክ።»

«እኔ ምንም ድምፅ አልሰማሁም!» አለ ምክትሉ።

«ብትሰማማ መች ትሰካት ነበር!»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ» አለች ነርሷ፣ እንባዋን እየጠረገች።

መርማሪዋ መሣሪያዋን ነቀለቻት። ወጣቷ እጆቿን ቀስ አድርጋ ከጆሮዋ አወረደች።

«ቆመ» አለች። «እማዬ፣ ቆመ!»

እናቷ የቆነጠጠችውን ክንድ ይዛ ደጋግማ ሳመችው።