ባለቤት ያላት ክፍል

አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ ቡሬ ውስጥ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ዛር፣ ቡዳ፣ ውቃቢ የሚባል ነገር ሲወራ «እስቲ ላቦራቶሪ ድረስ አምጡልኝ» እያልኩ የምስቅ፣ በዚህም ከባልደረቦቼ ጋር ስንቴ የተኳረፍኩ ሰው፤ ስለዚህ ይህን የማወራህ ወሬ ጥሞኝ አይደለም፣ እመነኝ፣ ባይደርስብኝ በወደድኩ።

የሚሌኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ ነው። አባቴ ገበዝ ማርያም ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ መሪጌታ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ እና ጀርመን አገር የብራና መጻሕፍት የሚያጠኑ ሰዎች «መጥተው ያስረዱን» ብለው ጋበዟቸው፣ እኔን ደግሞ እጃቸውን ይዤ እንድመራና እንዳስተረጉም። ማረፊያ ምረጡ ተባልን፦ ወይ ከከተማው ዳር የሚኖር ያገራችን ሰው ቤት፣ ወይ መሐል ከተማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ፣ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ሆቴል። አባቴን ይዤ ቡሬ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና፣ መስመሩ ቀርፋፋ ነውና የሆቴሉ ክፍል ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ሲመጣ፣ መጀመሪያ መጋረጃው፣ ከዚያ ትራሱ፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር፣ እያየሁ ነገርኳቸው።

«እንግዳ ከሰው ቤት ያድራል እንጂ፣ ባለቤት የሌለው ቤት ምን ብሎ ይገባል?» አሉ።

እኔ ግን ሆቴሉን መረጥኩ። እንዲህ ያለ ሆቴል የትም ብትሄድ ክፍሉ አንድ ነው፣ አልጋው ያው፣ መብራቱ ያው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው አይደናቀፍበትም ብዬ፣ ደግሞ ምን እደብቅሃለሁ፣ ፎቅም አምሮኛል። ስንነሣ እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን፣ ክንዴን ጨብጣ «እንደወሰድሃቸው መልሰህ አምጣልኝ» አለችኝ።

የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ፍንትው ብላለች። በሩን በካርድ ከፍቼ ሻንጣ ላስገባ ስል አባቴ ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው፣ ልክ በእኛ አገር መሽቶበት ከሰው ደጅ እንደቆመ መንገደኛ፣ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነን» አሉ። ከአሳንሰሩ የወጡ ባልና ሚስት ዞር ብለው አዩን፣ በሃፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አባባ ማንም የለም፣ የተከራየነው ክፍል ነው ብላቸው፣ «ግቡ» ሳይባሉ እንደማይገቡ ነገሩኝ።

ከውስጥ «ይግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ንግግሩም የእኛው አገር። ሻንጣውን ጥዬ ገባሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የአልጋውን ሥር ሳይቀር አየሁ፣ ማንም የለም፣ ቴሌቪዥኑም እንደጠፋ ነው። ክፍል ለመቀየር ብወርድ ሆቴሉ ሞልቷል አሉኝ። አባቴ እቴ፣ ቤቱን መርቀው ገብተው ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በትንሽ በትንሹ መጣ። ማታ ማታ አባቴ ዝግ ብለው ያወራሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ሳቅ ይላሉ፣ እኔ የምሰማው የእሳቸውን ብቻ ነው፣ ግን እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ሲጥ ይላል። ኮቴን ወንበሩ ላይ ጥዬ ታጥቤ ብመለስ አልጋዬ ላይ ታጥፎ አገኘሁት፣ አባቴ ካሉበት አልተነሡም። ከሁሉ የከፋው ምግብ ነው፤ የማቀርብላቸውን ሁሉ «ቀምሻለሁ» እያሉ ይመልሱታል፣ ቀን በቀን እየሟሸሹ ሄዱ፣ እኔም የእናቴን ቃል እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የመመለሻችን ጠዋት ታክሲው ደጅ ቆሞ አባቴ ከአልጋው ጫፍ አልነሣም አሉ። «እደሩ ብለውኛል። ባለቤት እደር እያለ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።» ክንዳቸውን ብስብ፣ እመነኝ፣ ያ እንደ ገለባ የቀለለ ሽማግሌ ንቅንቅ አልል አለኝ፣ እጃቸው በረዶ ሆኗል። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ እዚሁ ሊቀሩብኝ ነው አልኩ። ምን ላድርግ? እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪው ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ እጅ ነሣሁ።

«እማማ፣ እናቴ እየጠበቀቻቸው ነው። ያሰናብቱን።»

ወንበሩ ሲጥ አለ። ድምፁ ከጆሮዬ ሥር መጣ፦ «እሳቸው ይሂዱ። አንተ ትመለሳለህ።»

አየህ፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲናገር እምቢ አይባልም፣ ባትፈልግም ባታስብም አፍህ ቀድሞ ያጎነብሳል። «እሺ እማማ» አልኩ። አባቴ ያኔውኑ ብድግ አሉ።

እናቴ ያለችውን አገኘች፣ አባቴም ዛሬ ድረስ ደህና ናቸው፣ ያስተምራሉ። እኔ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ዕድል ቢመጣልኝ አልሄድም አልኩ፣ ደግሞ ቢመጣም አልሄድም አልኩ፣ ሚስቴ አብደሃል ትለኛለች፣ ምን ብዬ ልንገራት? ባለፈው ሰሞን ገበዝ ማርያም ወርጄ አባቴን ልጠይቅ ገባሁ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ገና ሳልቀመጥ፣ ለትልቅ ሰው እሺ ብሎ መቅረት ከየት የመጣ አመል ነው ብለው ተቆጡኝ፣ የዚያች ክፍል ባለቤት አልጋህን በየቀኑ እያነጠፉ ነው የሚጠብቁህ አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«አሁን ነገሩኝ» አሉ።