ከክሩስኮቶው ጀርባ ያለው በር

እኔ ሰይድ፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ቀድመው ከሚስቁት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጂን መኖሩን አልክድም፣ ቁርኣን ነግሮናል፣ ግን ወላሂ፣ ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ የሐበሻ ሾፌሮች ተሰብስበን "የእከሌ ቪላ ውስጥ የማትታይ ሴት ሌሊት ዕቃ ታጥባለች"፣ "የእከሌ መኪና ብቻዋን ጡሩምባ ትነፋለች" ሲባል፣ "ዕቃ ማጠብ የሰለቻት ሠራተኛ ናት የፈጠረችው" እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ። መኪና ድምፅ ካሰማ ምክንያት አለው፣ ወይ ብሎን ላልቷል ወይ ጥርስ ተበልቷል፣ ሌላ ምንም የለም ባይ ነኝ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን "ፈጠረው" ብትሉ አልቀየማችሁም፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በጨለማ ነው ይባላል፣ የእኔ ግን የመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ በጁምዓ ቀን፣ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ነው።

አል መዝሩዒያ በሚባለው ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሳዋቅ፣ ማለትም የቤት ሾፌር ነበርኩ። ካፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ አቡ ማጂድ ብዙ የማይናገር፣ ሰው የማይበድል ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱን ኡም ማጂድን "ማማ" ነበር የምላት፣ በዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ እናቴን የምታህል ሴት አንቺ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ቅር አይበላችሁ። እሷም "ያ ወለዲ" ትለኛለች፣ ልጄ እንደ ማለት ነው።

የራሷ ልጅ ማጂድ እኔ ከመቀጠሬ በፊት፣ አንድ የዕረፍት ቀን ወደ ኒስፍ አልቀመር፣ ከኾበር ወዲያ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ሄደ፣ ልዋኝ ብሎ ገባ፣ አልወጣም። ሬሳውም አልተገኘም። የተገኘችው መኪናው ብቻ ናት፣ ሁለት በር ያላት፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት ጥቁር ሰማያዊ የስፖርት መኪና፣ አሸዋው ላይ ሞተሯ እንደበራ፣ ሙከይፏ፣ ማቀዝቀዣዋ ማለቴ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፋ፣ ልክ "አሁን መጣሁ" ብሎ የወረደ ሰው እንደተዋት።

ያቺ መኪና ግቢው ውስጥ ካለው ጋራዥ ቆማ ቀረች። ማማ ከዐስር ሰላት በኋላ ትመጣና "ያ ሰዒድ፣ አስነሳልኝ" ትለኛለች፣ የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ እሷ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ አየር ማውጫው አስጠግታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቆያለች። "የልጄ ጠረን የቀረው እዚህ ውስጥ ነው" አለችኝ አንድ ቀን።

ያለችው ያልገባኝ አይምሰላችሁ፣ እኔም የራሴ የጠፋ ሰው ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ ሐሰን "አትምጣ፣ የባሕሩ መንገድ አይሆንም" ብዬ ብዬ፣ እምቢ ብሎ በየመን በኩል ወደ እኔ ሊመጣ ከሐይቅ ተነሣ። ሐይቅ የምላችሁ ወሎ ውስጥ ያለችው ከተማችን ናት፣ ቤታችን ከውሃው ብዙም አይርቅም። ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ደወለልኝ፣ "ጀልባዋ መጥታለች፣ ስደርስ እንደ ድሮው አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምንተኛው፣ ብርድ ልብሱን እንዳትጎትት" አለኝና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የለም። ሞተ ያለ ሰው የለም፣ አየሁት ያለም የለም። እናቴ ስትደውል "ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ውሃ አይበላውም" እላታለሁ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን ከራሴ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ።

ያን ሰሞን አጎቴ ደወሉ።

"ሰይድ፣ እስከ መቼ ነው? ልጁን አልቅሰን፣ ሰደቃውን አውጥተን፣ እናትህም ይውጣላት እንጂ! ታላቁ አንተ ነህ፣ ቃልህን ስጠንና ድንኳን እንጣል።"

"አጎቴ፣ ትንሽ ታገሱኝ።"

"እስከ ጁምዓ እታገሥሃለሁ። ከሰላት በኋላ እደውላለሁ፣ አንድ ነገር ወስነህ ጠብቀኝ።"

የመኪናዋ ሙከይፍ የተበላሸውም በዚሁ ሰሞን ነው። በሾፌሩ በኩል እሳት የመሰለ አየር ይነፋል፣ ማማ በምትቀመጥበት በኩል ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም፣ ከክሩስኮቶው፣ ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ፣ ጀርባ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አቡ ማጂድ መጥቶ አየና "ይህች ሴት በዚህ ሙቀት ተቀምጣ ትሞትብኛለች፣ ካልተሠራች ትሸጣለች፣ ኸላስ" አለ። ጋራዦቹ ወዳሉበት ወደ ሰናዒያ ልወስዳት ስነሣ ማማ የግቢውን በር ይዛ ቆመች።

"ማፊ፣ አይሆንም! ከዚህ በር አትወጣም። ወጥታ ነው ብቻዋን የተመለሰችብኝ።"

"ማማ፣ እኔ እኮ ሾፌር እንጂ መካኒክ አይደለሁም።"

"አንተ ፍታት። የማታውቀው እጅ እንዲነካት አልፈልግም።"

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከክሩስኮቶው ጀርባ ቀዝቃዛውና ሙቁ አየር የሚያልፍባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ በሮች አሉ፣ እያንዳንዱን በር የምትከፍትና የምትዘጋ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትል ሞተር አለች፣ የሞተሯ ጥርስ ሲበላ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል፣ እሷም ልክፈት ብላ እየታገለች ቀጭ ቀጭ ትላለች። አል ፈይሰሊያ ሰፈር ከሚኖር ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ በኮምፒውተሩ አንድ ፈረንጅ ይህንኑ ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ፣ ደጋግሜ አየሁት፣ ሞተሮቹን ደግሞ ያረጁ መኪኖች ከሚበለቱበት ከተሽሊህ ፈልጌ አመጣሁ። ፈረንጁ ሲፈታው ቀላል ነበር፣ እየሳቀ ነው የሚፈታው።

ጁምዓ ሰግደን፣ ምሳ ተበልቶ፣ ቤተሰቡ ጋደም ሲል ገባሁበት። ጋራዡ ምድጃ ነው፣ ካቻቢቴው ራሱ እጅ ያቃጥላል። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ገመዱን ወደ ጎን አጥፌ አሰርኩት፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ በመኪናዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ ኤሌክትሪክ የለም። ከዚያ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ መክተቻ ፈታሁ፣ የጎኑን ፕላስቲክ ላለመስበር እየተጠነቀቅሁ ነቀልኩ፣ እግሬን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅዬ በጀርባዬ ወለሉ ላይ ተዘርሬ፣ ባትሪ መብራቴን በጥርሴ ነክሼ፣ እጄን እስከ ክርኔ ወደ ጨለማው ሰደድኩ። የማይታይ ብሎን በጣት ጫፍ እየዳበሱ መፍታት ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ብቻ እንደምንም የመጀመሪያዋ ወጣች፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ የሁለቱም ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና "አገኘሁሽ!" ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያን ጊዜ ከክሩስኮቶው ጀርባ ቀጭ አለ።

ብረት በሙቀት ሲለጠጥ እንዲህ ይላል ብዬ ተውኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀና ብዬ ጨርቁን አየሁ፣ ሁለቱም ሞተሮች እዚያው ተቀምጠዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ወርጄ ባትሪውን አየሁ፣ እንደተነቀለ ነው። ተመልሼ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ እመኑኝ፣ ድምፁ የሚመጣው ሞተር ከሌለበት ከባዶው ቦታ ነው፣ እንደ ማሽን እኩል እኩል አይደለም፣ ሰው በጥፍሩ በር ሲያንኳኳ፣ ሰማኝ አልሰማኝ ብሎ ቆም እንደሚለው ነው።

እጄን ሰድጄ ትንሿን የፕላስቲክ በር ነካኋት። ቀዝቃዛና እርጥብ ናት። ሙከይፉ ከተበላሸ ሰንብቷል፣ ውሃ ከየት ይመጣል? ጣቴን አውጥቼ ሳየው ደቃቅ እርጥብ አሸዋ ተጣብቆበታል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ ወደ ምላሴ ወሰድኩት፣ ጨው ነው። ላቤ ነው አልኩ፣ ላብ በላብ ነበርኩና። አዎ፣ ላቤ ይሆናል።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ።

ሐሰን ማታ ሲያመሽ አባታችን እንዳይሰሙት ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ያፏጭልኝ ነበር፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ረጅሟን መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይሰብራታል። ከእኔ በቀር የሚያውቃት ሰው የለም። ያቺን ፉጨት፣ ደማም ውስጥ፣ የሰው መኪና ወለል ላይ ተዘርሬ፣ ከአየር ማውጫው ቱቦ ውስጥ ሰማኋት። ቀጥሎም ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው፦

"ሰይዶ… ክፈትልኝ።"

ፈራህ ወይ ብትሉኝ፣ መፍራት ነበረብኝ፣ ቢስሚላህም ብያለሁ። የያዘኝ ግን ናፍቆት ነው። "ሐሰኔ፣ ቆይ፣ ቆይ መጣሁ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ያቺን ትንሽ በር በጣቴ ገፋኋት፣ እምቢ አለች፣ እንደገና ገፋኋት፣ ተከፈተች።

አየሩ ፊቴ ላይ መጣ። ማራገቢያው የማይሠራ መኪና ነው፣ ግን መጣ፣ ቀዝቃዛ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ያህል። የባሕረ ሰላጤው ሽታ ቢሆን ኖሮ እሺ፣ አልነበረም። የእኛ ሐይቅ ዳር ነው የሸተተኝ፣ ዝናብ የነካው ደንገል፣ ጭቃና ዓሣ። ከዚያ ቆመ። ቀጭ የሚለውም፣ ፉጨቱም፣ ሁሉም ጸጥ።

ቀና ስል ማማ የጋራዡ በር ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች፣ ፀጉሯን እንኳ አልሸፈነችም፣ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ከፈትክለት?" አለችኝ።

"ማንን፣ ማማ?"

"ማጂድን ነዋ! 'ዩማ፣ ክፈቺልኝ' ብሎ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ከዚህ ነው የተጣራው።"

ማማ አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም። እኔ ደግሞ ዐረብኛ አልሰማሁም።

"ማማ፣ በምን ቋንቋ ነው የተጣራው?"

ዕብድ እንደሆንኩ ሁሉ አየችኝ። "በልጄ ቋንቋ ነዋ፣ በምን ቋንቋ ይጥራኝ!"

ከዚያ ወዲያ አዲሶቹን ሞተሮች አሰርኩ፣ ሁሉን መልሼ ገጠምኩ፣ ባትሪውን አገናኘሁ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሮቹ በሮቻቸውን አንድ ጊዜ ከፍተው ዘግተው ቦታቸውን ያዙ፣ ሙከይፉም በሁለቱም በኩል እንደ አዲስ ቀዝቃዛ ነፋ። ማማ ገብታ ተቀመጠች፣ ፊቷን አስጠጋች፣ ዐይኗን ጨፈነች። ብዙ ጠበቀች። ከዚያ በራሷ እጅ አጠፋችው።

"የለም" አለች። "ወጥቷል።"

ወደ ቤት ገባች፣ ሁለተኛ ወደዚያች መኪና አልተመለሰችም። ብዙም ሳይቆይ ራሷ "ሽጣት" አለችው ባሏን፣ አቡ ማጂድ ገርሞት እኔን ነው የጠየቀኝ፣ "ምን ሙሽኪላ ተፈጠረ?" ብሎ። "ምንም" አልኩት። ማማ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል መብላት ጀመረች፣ ጎረቤት መሄድ ጀመረች፣ አንዳንዴም ስትስቅ ይሰማል። ለእሷ አበቃ። ለእኔ ነው ያላበቃው።

ምክንያቱም ያን ዕለት፣ እጄ ላይ ያለው ግራሶ ሳይታጠብ አጎቴ ደወሉ።

"እህ፣ ምን ወሰንክ?"

"ድንኳን እንዳትጥሉ።"

"ለምን? የሰማኸው ነገር አለ እንዴ?"

"አለ" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ስልኩ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ እናቴ ከአጎቴ እጅ ነጥቃዋለች።

"ሰይድ! ድምፁን ሰማህ? የሐሰኔን ድምፅ?"

ሰምቻለሁ እኮ።

"ሰምቻለሁ፣ እማ" አልኳት። የእናቴ እልልታ በዚያ ስልክ ውስጥ ሲመጣ፣ ወላሂ፣ ከፉጨቱ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

በፈረንጆቹ 2013፣ ያ ሁሉ ሐበሻ በሚባረርበት ጊዜ፣ እኔም ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቼ አገሬ ተመለስኩ፣ ዛሬ ሐይቅና ደሴ መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። ሐሰን አልደወለም። ድንኳኑም አልተጣለም፣ አጎቴ እኔን ሲያዩ ዐይናቸውን ያዞራሉ፣ እኔም "ይጣል" ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ለእናቴ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ሁሉን ነገር እንዳለ ነገርኳት፣ መኪናዋን፣ ሞተሮቹን፣ የማማን ነገር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም፣ "አበድክ" አላለችኝም። ነጠላዋን አስተካከለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"አየሩ ቀዝቃዛ ነበር አልከኝ?"

"አዎ፣ እማ።"

"በርዶት ነበር ማለት ነው፣ ልጄን?"

እስካሁን አልመለስኩላትም። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?